ከእሳት ርቆ ውሃ ውስጥ ስለ ተሰጠን የቤት ቦታ

ቁሐር ሚካኤል፣ ግንቦት ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አዛናው፣
የእሳት አደጋ ጥናትና መከላከያ ክፍል ሹም፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ ያ አቧራችን አልስማማው ብሎ ሲያስነጥስ የከረመው ሾፌርዎስ ደኅና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆኑትንም አከታትዬ እነግርዎታለሁ።

ጎረቤቴን ይርገዱን ያስታውሷታል ብዬ እገምታለሁ፤ ቤቷ የተቃጠለባት ናት። እጆቿ ድነዋል ለማለት ያህል ድነዋል፤ የግራው ቆዳ መልሷል፣ የቀኙ ግን ገና አልጨበጠላትም፤ ውሃ ስትቀዳ እንስራውን የማሸክማት እኔ ነኝ። ባሏ አንለይ ጭሱን ከዋጠበት ቀን ጀምሮ ሲስል ያድራል፤ ሲስል ባሌን መንግሥቴን ይቀሰቅሰዋል፤ መንግሥቴ ደግሞ ከነቃ ወሬ ይጀምራል፤ ቤተ ሰቡ በዚህ ዓይነት እየተጨዋወተ ያነጋል። ልጃቸው እማዋይሽ የበኵር ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል፤ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና እንደ ልማዱ ከባሏ ዘንድ መጥታለች፤ የእናቷ ቤት ስለሌለ ግን የመጣችው እኔ ቤት ነው። ላሚቱም አብራን ናት። ቤቴ ጠባብ ስለሆነ በላሚቱ በኩል የሚተኛው ማን እንደሆነ በየማታው እንከራከራለን፤ እስካሁን የሚረታው መንግሥቴ ነው፤ «ባለቤት ነኝ» ይላልና።

ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ፣ እኛን ስለ እሳት ለማስተማር ብዙ ስለ ደከሙ፣ የድካምዎን ፍሬ ቢሰሙት ደስ ይልዎታል ብዬ ነው። ደብዳቤውንም ሁለት አድርጌ እገለብጠዋለሁ፤ አንዱ ለእርስዎ ነው፤ ሁለተኛው ወረታ ገበያ ካለው ሱቅ በር ላይ ይለጠፋል። በቃል የላክንብዎ ሁሉ መንገድ ላይ እየጠፋ ስላስቸገረን፣ ይኸኛው ቢጠፋ እንኳ ያነበበ ሰው ያስታውስዎታል። አባቴ መሪጌታ ደሳለው ዳዊት አስደግመውኛል፤ ከዚያ ወዲያ አልተማርሁም፤ ቃል ብስት ከትምህርቴ ማነስ ይቁጠሩልኝ እንጂ ከንቀት አይቁጠሩብኝ።

አንደኛ፤ ከዚህ ሁሉ አገር መርጠው ወደ እኛ ስለ መጡ አመሰግናለሁ። እህሉ ተወቅቶ በገባበት በጥር ወር በመኪናዎ መጥተው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ሰብስበው፣ እሳት ሦስት ነገር እንደሚሻ፣ እነዚያም የሚነድ ነገር፣ ሙቀትና አየር እንደሆኑ ነገሩን፤ በዘንግ መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ሥለውም፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሳሉ እሳት አለ፣ ከሦስቱ አንዱን ብናነሣ ግን የለም አሉን። ቄስ ገብረ ኪዳን ዘግይተው ስለ ደረሱ መጀመሪያውን አልሰሙም ነበርና ብድግ ብለው፣ «ከሦስቱ አንዱ አይነሣም! ማንን ልታነሣ ነው ያሰብኸው?» ብለው ተቆጡ። እርስዎም ደንግጠው «አባ፣ እኔ የምናገረው ስለ እሳት ነው» ቢሉ፣ «እኔም ስለ እሱ ነው የምነግርህ፤ የምትገባው እዚያ ነው» አሉዎት። ነገሩ ሲገባቸው ይቅርታ መጠየቃቸውን አልረሳሁም፤ ሆኖም ያንን ሥዕል እስኪጠፋ ድረስ ማንም እግሩን አላሳረፈበትም፣ ከብትም አላሳለፍንበትም።

አመድ ሳይበርድ ከሣር አጠገብ አትድፉ፣ የጭድ ክምራችሁን ከቤት አርቁ፣ ከደጃችሁ ውሃ የሞላ ጋን አይጥፋ ያሉን ምክር ግን ደኅና ምክር ነው፤ ይህን ስል አላሽሟጥጥም፤ ጋኑ ከደጄ ቆሟል፤ ዶሮዎች ይጠጡበታል እንጂ ለክፉ አላስፈለገም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎ ደብዳቤ እጅግ አጭር በሆነ ነበር።

ሁለተኛ፤ ቤት አሠሩን። እንደኛው ቤት ያለ፣ በእንጨት የተማገረ፣ በጭቃ የተመረገ፣ በሣር የተከደነ ቤት ከአውድማው ላይ እንድንሠራ ሲያዝዙን ምክንያቱን ነግረውን ይሆናል፤ እኛ ግን ልጆቻችን ፊደል የሚቆጥሩበት ሊሆንልን ነው ብለን በደቦ ወጣን። ወንዶቹ ማገር ሲያስሩ ሴቶቹ ጠላ ጠመቅን፤ ይርገዱ ማንም ሳያዝዛት ግድግዳውን አለስልሳ መረገችው፣ ልጆቹ ይቀመጡበት ብላ መደብ ሠራችበት፣ መደቡንም በእበት ለቀለቀችው፤ ቄስ ገብረ ኪዳንም ገብተው ባረኩት። ተባርኮ ሲያበቃ እርስዎ ክብሪት ጫሩበት።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን በክፋት እንዳላደረግነው ዛሬም እምላለሁ። በእኛ አገር ጣራ ሲጤስ የማን ቤት ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ያየ ኡኡ ይላል፣ የሰማ ይሮጣል፤ ሴቷ እንስራዋን፣ ወንዱ ርጥብ ቆዳና ቅጠል ይዞ ይደርሳል፤ የተጣላ ሰው እንኳ ቢሆን እሳቱን አጥፍቶ ነው ወደ ጠቡ የሚመለሰው። ስለዚህ ጭሱን ስናይ እግራችን ቀደመን። እርስዎ ሰዓትዎን በእጅዎ ይዘው «ተዉት! ይንደድ! ይንደድ እንጂ!» እያሉ ሲጮኹ፣ ይርገዱ «ምስኪን! ደንግጦ አእምሮውን ሳተ» ብላ፣ ለእሳቱ ካመጣችው ውሃ ቀንሳ ራስዎ ላይ አፈሰሰችልዎ። ቤቱ ዳነ፤ እኛም እልል አልን። እርስዎ ኮትዎን እየጨመቁ መኪናዎ ውስጥ ሲገቡ፣ ከደስታ ብዛት ቃል ያጠረዎ መስሎን ነበር።

ሁለተኛውን ጊዜ ሲለኩሱት አስቀድመው ስላስጠነቀቁን እጃችንን አጣምረን ለመቆም ምለን ቆምን። ነገር ግን መሐላውን የማያውቁ የወንዝ ማዶ ሰዎች ጭሱን ከሩቅ አይተው፣ ከብቶቻቸውን ጥለው እየሮጡ መጥተው አጠፉልዎ፤ አጥፍተው ሲያበቁ ደግሞ ወደ እኛ ዞሩ። አንድ ሽማግሌ አንለይን «አንተ ሰው ነህ ወይስ ጉቶ? ቤት ሲነድ ቆመህ ታያለህ?» አሉት። አንለይ «ለጥናት ነው፣ አባባ» ቢላቸው፣ «አጥንትህ ይጥናና፣ ጥናትህን ይዘህ ከዚህ ጥፋ!» ብለውት ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማዶ ሰርግ ሲኖር እንደ ቀድሞው አንጠራም።

ሦስተኛ፤ በዚህ ተቆጥተው ትእዛዝ አወጡ፤ ጥናቱ እስኪፈጸም ድረስ በቁሐር ሚካኤል የተነሣን እሳት ፊሽካ ሳይነፋ ማንም እንዳይነካ፣ የነካም ወረታ ተወስዶ እንዲታሰር። ፊሽካውን ለጭቃ ሹማችን ለማረው ሰጡት። ማረው ደግ ሰው ነው፤ ግን ከተሾመ ጀምሮ ከመንግሥት በእጁ የገባለት ዕቃ ያ ፊሽካ ብቻ ስለሆነ በአንገቱ አንጠልጥሎት ይውላል፣ አንጠልጥሎት ያድራል፤ ከማተቡ ጋር ተተብትቦበት ሚስቱ ስትፈታለት በዓይኔ አይቻለሁ።

በሦስተኛው ጊዜ ቤቱ ነደደልዎ። የማዶ ሰዎችን የሚመልስ ዘበኛ ከወንዙ ዳር ቆሞ፣ እኛ በገመድ ተከልለን፣ ማረው ፊሽካውን በጥርሱ ይዞ፣ እርስዎ ሰዓትዎን እያዩ፣ ያ የተባረከ ቤት እንደ ደመራ ነደደ። ሲያበቃም፣ አንዲት ሴት ወንዝ ወርዳ እንስራዋን ሞልታ ሳትመለስ ጣራው እንደሚወድቅ ነገሩን። ይህን በሰዓት ለክተው ስላሳወቁን እናመሰግናለን፤ እናቶቻችን እስከዚያ ድረስ በልቅሶ ብቻ ነበር የሚያውቁት። መደቡ ሲፈርስ ይርገዱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እርስዎ ግን ደስ ብሎዎት፣ «አሁን የሚጎድለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ጥናት፣ ሰው በእሳት ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ለማየት፣ አንድ ሰው እውነት አስመስሎ መጮኽ አለበት» አሉን። ለማመሳከሪያ ይሆናል ብለውም የይርገዱን ቤት በሜትር ለክተው፣ በበሯ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ሄዱ።

አራተኛውን ነገር ለመጻፍ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አንሥቻለሁ። በመጋቢት፣ ከሐይቁ የሚመጣው የከሰዓት ነፋስ በሚያይልበት ሰሞን፣ ከይርገዱ ማድ ቤት የተነሣ ፍንጣሪ የቤቷን ክዳን ያዘው። እኔ ያን ቀን ወረታ ገበያ ነበርሁ፤ የምነግርዎ ቆመው ያዩት የነገሩኝን ነው፤ ቆመው ያዩት ደግሞ ብዙ ናቸው። ይርገዱ እየጮኸች ወጣች። ሰዉ ሁሉ ደረሰ፤ ደርሶም ቆመ። በበሩ ላይ የጠመኔው ምልክት አለ፤ ሴት ትጮኻለች፤ ፊሽካ አልተነፋም፤ እንግዲያው አራተኛው ጥናት ነው ተባለ። «ይቺ ሴት፣ እውነት አስመሰለችው እኮ!» ብሎ ያደነቀ ሰው ነበር። አንዲቱ ደግሞ ለጎረቤቷ «እኔን ቢያዝዙኝ እንዲህ አድርጌ አልጮኽላቸውም፤ ትንሽ አታፍርም?» ስትል ተሰምታለች። ይርገዱ «ኧረ ቤቴ ነው! ኧረ የእውነቴን ነው!» ብትል፣ «እሱንም በይ ብለዋት ነው» ተባለ። ሴቶቹ ውሃ የሞላ እንስራ ተሸክመው እንደ መጡ፣ ውሃውን እንደ ተሸከሙ ቆሙ። ማረው ከነፊሽካው አንበሳሜ ገበያ ሄዶ ነበር።

መጀመሪያ የሮጠው አህያ የሚነዳ መንገደኛ፣ አንድ የጨው ነጋዴ ነው። ትእዛዝዎን ስላልሰማ አህዮቹን በትኖ ገባና፣ ዕቃ ላውጣ ብሎ ገብቶ ጭስ የጣለውን አንለይን ጎትቶ አወጣው፤ እሱ ሲሮጥ ያን ጊዜ የቀረው ሰው ሁሉ ነቃ። ይርገዱ የሚነደውን የላሚቱን ገመድ በእጇ ስትፈታ ነው እጆቿ እንዲያ የሆኑት። ላሚቱ ወጣች፤ ቤቱ ወደቀ፤ ጎታው ከነጤፉ ነደደ። ነጋዴው ፊሽካ ሳይነፋ እሳት ነክቷልና በትእዛዝዎ መሠረት ጥፋተኛ ነው፤ ስሙን ባውቀው ኖሮ በጠቆምሁዎት ነበር፤ ግን አህዮቹን ሰብስቦ፣ የቆመውን ሰው አንድ ጊዜ ዞሮ አይቶ ሄደ።

አምስተኛ፤ በሳምንቱ መጥተው አመዱን ለኩት። እሳቱ ወደ እኔ ቤት ሊዘል ጥቂት እንደቀረው አይተውም፣ ከእንግዲህ በቤትና በቤት መካከል ሃያ ሜትር እንዲኖር፣ የተቃጠለበትም ሰው መልሶ ሲሠራ በዚህ ልክ እንዲሠራ አዘዙ። ስለ እኔ ቤት ማሰብዎን እግዚአብሔር ይቁጠርልዎ። ችግሩ ጉብታችን ነው። የፎገራን ሜዳ እርስዎ በጥር ሲያዩት ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ በነሐሴ ግን የርብ ወንዝ ከአፉ ይወጣል፣ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፤ ከውሃው በላይ የሚቀረው ቤተ ክርስቲያኑና እኛ የሰፈርንበት ጉብታ ብቻ ነው። ተጠጋግተን የሠራነው ስለምንዋደድ አይደለም፤ እንዲያውም ግማሾቻችን አንነጋገርም፤ ሌላ ደረቅ መሬት ስለሌለን ነው። ከእኔ ቤት ሃያ ሜትር ለክተው ለይርገዱ የተከሉላት ችካል ያረፈው ከጉብታው ግርጌ፣ በክረምት አምባዛ በሚዋኝበት ስፍራ ነው። ቤቷ እዚያ ቢሠራ እሳት እንደማያገኘው እኔ ምስክር ነኝ።

አንለይ ይህን ሊያስረዳዎ እየሳለ መኪናዎ ድረስ ተከትሎ፣ «ጌታዬ፣ እዚህ እኮ በነሐሴ ውሃው ደረቴ ድረስ ነው» ቢልዎ፣ «የውሃ ነገር የእኔ ክፍል አይደለም፤ ለውሃ ክፍል አመልክት» ብለው መለሱለት። አንለይ የዋህ ስለሆነ የውሃ ክፍልን ፍለጋ ወረታ ተመላልሷል። መኖሩን የሚያውቅ ሰው እንኳ አላገኘም። በአሮጌው ቦታ ላይ እንጨት እንዳይተከልም ማረው ከነፊሽካው እንዲጠብቅ ታዝዟል፤ እየጠበቀም ነው፤ ምሳውን የምናበላው እኔና ይርገዱ ነን።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። እንጨቱ ተቆርጧል፤ ሣሩ ታጭዷል፣ በምክርዎ መሠረትም ከቤት ርቆ ተከምሯል፤ ደቦው ተነግሯል። ዝናቡ ደጃችን ነው፤ እማዋይሽም ከዝናቡ ጋር እኩል ትደርሳለች። ይርገዱ በአሮጌው ቦታዋ ላይ ቤቷን እንድትሠራ ይፍቀዱልን። እኛ በበኩላችን ክምሮቻችንን በበጋ ወደ አውድማው ልናወርድ፣ ማድ ቤቶቻችንንም ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ልናዞር ተስማምተናል፤ እሳትን ከቤት ወደ ቤት የሚያቀብሉት እነዚህ ናቸው ብለው ያስተማሩን ራስዎ ነዎት። ፊሽካውንም አንጠላም፤ ማረውን ባዶ አንገቱን ማስቀረት ግፍ ነው፤ ግን ሰውን ለማቆም መሆኑ ቀርቶ ሰውን ለመጥራት ይነፋ።

አንድ ነገር ያለ ማሽሟጠጥ ልበልዎ። እኔን የሚያስፈራኝ እሳቱ አይደለም፤ እሱን ከጥንት እናውቀዋለን። የሚያስፈራኝ እንስራዋን ሞልታ ተሸክማ የቆመችው ሴት ናት። ነገ በዚህ አገር ጣራ ሲጤስ፣ ከመሮጧ በፊት «የጥናት ነው ወይስ የእውነት?» ብላ ትጠይቃለች። እስክትጠይቅና እስኪመለስላት ድረስ ያለውን ጊዜ፣ ሰዓት ያለዎት እርስዎ ነዎትና፣ ይለኩልን።

በተረፈ ሰዓትዎ እንዳይቆም፣ ሜትርዎ እንዳይበጠስ፣ በሄዱበት አገር ሁሉ ቤቱን እየሠራ የሚሰጥዎ ሕዝብ እንዳይጠፋ፣ ኮትዎም ደረቅ እንዲሆን እየለመንሁ፣ ስለ አስተማሩን ሁሉ በሰፈሩ ሰው ስምና በማይጨብጠው እጅ ስም እጅ እነሣለሁ።

ከላሚቱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር የማድር ታዛዥዎ
አማከለች ደሳለው

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፤

ደብዳቤውን አጥፌ ሳላበቃ ማረው ከወረታ ተመልሶ መጣ። መልእክተኛዎ ጠርቶት ነበር። «ክፍሉ ሌላ የጥናት ቤት ይፈልጋል፤ ዝናብ ሳይገባ ተሠርቶ ይደር፣ ነፋሱ ሲመለስ በመጋቢት ይቃጠላል ብለዋል» አለ። «የት ይሠራ?» ብንለው፣ መሬት መሬት እያየ «የይርገዱ ቤት በነበረበት ቦታ፣ የይርገዱን ቤት አስመስላችሁ» አለ። መንግሥቴ «ሃያ ሜትሩስ?» ቢለው፣ «እሱ ሰው ለሚኖርበት ቤት ነው፤ የጥናት ቤት አይመለከተውም አሉ፤ እኔ ምን ላድርግ፣ ትእዛዝ አድራሽ ነኝ» ብሎ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ።

አንለይ ሳሉ እስኪጥለው ድረስ ሳቀ። ቄስ ገብረ ኪዳን ወሬውን ሰምተው ብቅ አሉና፣ እንደ ገና እባርከዋለሁ ብለው ሄዱ። ደቦው ሰኞ ነው፤ ትእዛዝዎ በሙሉ ይፈጸማል። ይርገዱ መደቡን ለአራስ በሚሆን አድርጌ አሰፋዋለሁ ብላለች፤ ለእርስዎም አንድ መልእክት አላት፤ «በመጋቢት ሊለኩሱት ሲመጡ ከደጅ ሆነው ቀስ ብለው ይጥሩ፤ የልጅ ልጄ ተኝቶ ይሆናል በዪልኝ» አለችኝ።